ስልኩ የገበሬው፣ ቁልፉ የሌላ ሰው

አንድ የበርበሬ ነጋዴ ከገጠር ቀበሌ ወደ ቡሬ ከተማ ወጣ እንበል። ስልኩ ይግላል። ባትሪው እኩለ ቀን አይደርስለትም። የሞላው ካርድ ሳይደውልበት ያልቃል። ጥገና ቤት ይገባና «ልጄ፣ ይኼ ስልክ ምን ሆኖብኝ ነው?» ይላል። ልጁ ስልኩን ተቀብሎ ቅንብሮች ውስጥ ይገባል፤ መተግበሪያዎች የሚለውን ይነካል፤ ዝርዝሩን ወደ ታች ያወርዳል። ስሞቹ አያልቁም። አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው፣ ሲም ቱልኪት፣ ካሪየር ሰርቪስስ፣ ፕሪንት ስፑለር፣ በነጥብ የተያያዙ ሌሎች ረጃጅም የእንግሊዝኛ ስሞች። ነጋዴው አንዱንም አልጫነም። አንዱንም አያውቅም።

«ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ተጭኖ ነው የገዙት። ልዝጋልዎት?»

ጥያቄው ይኼ ነው። ይዝጋ ወይስ አይዝጋ?

መልስ የሚሰጥ ሞልቷል። አንደኛው ወገን በቲክቶክና በቴሌግራም ቪዲዮ እየለቀቀ «የማታውቁትን ሁሉ አጥፉ፣ ሰላይ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ትንሽ ኮምፒዩተር የተማረ ነው፤ «ሲስተም አይነካም፣ ኩባንያው ያለ ምክንያት አላስገባውም» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም ሰነፍ መልሶች ናቸው። አንደኛው ስልክ ያበላሻል፤ ሁለተኛው ሌባን ከጥርጣሬ ነፃ ያወጣል። ከሁለቱም የሚብሰው ግን ይኼን ከባድ ጥያቄ፣ ስልኩን ሠርቶ፣ አስመጥቶና ፈቅዶ ለገበያ ካቀረበው ወገን አንሥቶ በነጋዴውና በጥገና ቤቱ ልጅ ጫንቃ ላይ መጣል ነው።

*ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም*

«ኩባንያው ያውቃል» ለሚሉት አንድ የቅርብ ታሪክ አለ። ቴክኖ በኢትዮጵያ ሩቅ ስም አይደለም። አምራቹ የቻይናው ትራንሽን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ሲገጣጥም የኖረ ኩባንያ ነው። አይቴልና ኢንፊኒክስም የእርሱ ናቸው። በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. በዝፊድ ኒውስ የተባለው መገናኛ ብዙኃንና አፕስትሪም የተባለው የሞባይል ደኅንነት ኩባንያ ቴክኖ ደብልዩ 2 በተባለው ርካሽ ስልክ ላይ ያገኙትን ይፋ አደረጉ። ስልኩ ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ተንኮል አዘል ፕሮግራሞች ነበሩበት። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ ዳታ ይበላሉ፤ በስሙም የክፍያ አገልግሎት ምዝገባ ይሞክራሉ። አፕስትሪም ከመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ200,000 በላይ ከሆኑ የኩባንያው ስልኮች የመጡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ የግብይት ሙከራዎችን ማገዱን ገለጸ። ድርጊቱ በዋናነት ከታየባቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ሌሎቹ ግብፅ፣ ጋና፣ ካሜሩንና ደቡብ አፍሪካ ናቸው።

ትራንሽን ምን አለ? ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ የአንድ ሻጭ ነው፤ እኛ አናውቅም፣ አልተጠቀምንበትም፣ ማስተካከያም ለቀናል አለ። ይኼ መልስ እውነት ነው ብለን ብንቀበለው እንኳ የሚመሰክረው በኩባንያው ላይ ነው። አምራቹ ራሱ በስልኩ ውስጥ ምን እንዳለ ካላወቀ «ኩባንያው ያለ ምክንያት አላስገባውም» የሚለው ምክር መሠረቱ ምንድን ነው?

ነገሩም የአንድ ስልክ ነገር አይደለም። ትሪያዳ በአንዳንድ ስልኮች ላይ ከፋብሪካ ሳይወጡ በሦስተኛ ወገን በኩል መግባቱን ጉግል ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. አምኗል። በዚያው ዓመት ማድሪድ ያሉ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው የ214 አምራቾችን ከ1,700 በላይ ስልኮች ፈትሸው ነበር። ተጭነው የሚሸጡ ከ82,000 በላይ ፕሮግራሞችን አገኙ። ድምዳሜያቸው ግልጽ ነበር፦ ማን እንደሠራቸውና ምን መረጃ እንደሚወስዱ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ስለዚህ ነጋዴው መጠርጠሩ ድንቁርና አይደለም። ሳይጠይቅ በሚላክለት አጭር መልእክት ሒሳቡ የተቆረጠበት ሰው፣ ስልኩ ላይ የማያውቀው ስም ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

*ልጡን መቁረጥ ግን እባቡን አይገድልም*

«ሁሉንም አጥፉ» የሚለው ወገንም በዚህ ታሪክ ሊኮራ አይችልም። ኤክስሄልፐር ከሲስተሙ ሥር ስለሚተከል ስልኩ ወደ ፋብሪካ ይዘቱ ሲመለስ እንኳ ተመልሶ ይመጣ ነበር። «አሰናክል» በምትል አንዲት ቁልፍ የሚሸነፍ አልነበረም። ትራንሽን መፍትሔ ብሎ የለቀቀው ማስተካከያ የሚመጣው በሲስተም ማሻሻያ በኩል ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ «ሰላይ ነው» ተብሎ ከሚዘጉት የማይታወቁ ስሞች መካከል ማሻሻያ የሚያመጣውም አንዱ ነው። ሰውየው ሌባውን ፈርቶ ዘበኛውን አባረረ ማለት ነው።

ስሙ የማይታወቅ ነገር ሁሉ ጠላት አይደለም። ዌብቪውን እንውሰድ። ሥራው አንድ መተግበሪያ ድረ ገጽ በውስጡ ከፍቶ እንዲያሳይ መስኮት መሆን ነው። ብዙ የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎች አንዳንድ ገጻቸውን የሚከፍቱት በዚሁ መስኮት ነው። መስኮቱ ሲዘጋ መተግበሪያው ነጭ ገጽ ይዞ ይቀራል፤ ወይም ገና ሲከፈት ይወድቃል። ነገር ግን በአንድሮይድ 7፣ 8 እና 9 ይኼን ሥራ የሚሠራው ክሮም ነው፤ ዌብቪው እዚያ ተዘግቶ ቢቀመጥ ችግር የለም። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ደግሞ ሥራው ተመልሶ የዌብቪው ሆኗል። አንድ ስም በአንዱ ስልክ ሥራ ፈት፣ በሌላው ምሰሶ ነው። ከኢንተርኔት የተቀዳ «እነዚህን ዝጉ» የሚል ዝርዝር ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው መርዝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተበላሸ የዌብቪው ማሻሻያ ወጥቶ በዓለም ዙሪያ የብዙ ሰው መተግበሪያ በራሱ ሲዘጋ ዋለ። የዚያን ቀን ማሻሻያውን ማራገፍ ትክክል ነበር። ጉግል ብዙም ሳይቆይ አስተካከለው። የአንድ ቀን መድኃኒት ግን ዕድሜ ልክ አይዋጥም።

ሌላም አለ። ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ ሲዘጋ የብዙ መተግበሪያዎች ማሳወቂያ ይቀራል፤ ቦታ ጠቋሚው ይወላገዳል። ሲም ቱልኪት የሲም ካርዱን ሜኑ የሚያወጣው ነው፤ ኬንያ ውስጥ ኤም-ፔሳ የተስፋፋው በዚያው ሜኑ ነበር። የይለፍ ቃሉን በፊደል ያደረገ ሰው ደግሞ ያለውን አንድ ኪቦርድ ከዘጋ፣ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ በር ላይ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ኬብል ሰክቶ ከኮምፒዩተር መንቀል ነው። ስልኩ ራሱ «አይዘጋም» ብሎ ቁልፉን ያደበዘዘውን አካል በትእዛዝ ማውጣት ይቻላል። አስፈላጊ አካል ከወጣ በኋላ ስልኩ የአምራቹን ዓርማ እያሳየ ሲጠፋና ሲበራ ያድራል። ያን ጊዜ መፍትሔው ፍላሽ ማድረግ ይሆናል። ፎቶው ይጠፋል፤ ስልክ ቁጥሩ ይጠፋል። ፍላሽ የሚደረገውስ በየትኛው ፋይል ነው? ማን እንደጫነው ከማይታወቅ ገጽ በወረደ ፋይል ከሆነ፣ የማይታወቅን ፕሮግራም ፈርቶ የገባ ሰው መላ ስልኩን በማይታወቅ ሰው ፕሮግራም አስሞልቶ ወጣ ማለት ነው።

ስለላውስ? የኢትዮጵያ ተሞክሮ የተመዘገበ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በ2013፣ በ2014 እና በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ዘገባዎች ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች በስለላ ሶፍትዌር እንዴት እንደተጠመዱ አሳይቷል። አንዱ ማጥመጃ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ የያዘ ነበር። ሌላው ለኢሳት ጋዜጠኞች የተላከ ፋይል ነበር። ሦስተኛው የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ የመጣ ነበር። ኮምፒዩተር ላይ ያነጣጠሩት እነዚህ ሁሉ የገቡት ሰውየው ራሱ እንዲከፍታቸው ተደርጎ ነው። ዛሬ ፕሪንት ስፑለርን ሰላይ ነው ብሎ የሚዘጋው ሰው፣ ማታ የማያውቀው ሰው የላከለትን ፋይል ከቴሌግራም አውርዶ ይጭናል። ፍርሃቱ ልክ ነው፤ ያነጣጠረው ግን በተሳሳተ በር ላይ ነው።

*ለምን ምዕራብ ጎጃም ላይ ይከብዳል*

አዲስ አበባ ላይ ስልኩ የተበላሸበት ሰው ሁለተኛ ስልክ ያወጣል፤ ወይም ታክሲ ይዞ ባንክ ይሄዳል። ከወምበርማ ወይም ከጃቢ ጠህናን ገጠር ለሚነሣ ሰው ስልኩ ባንክ ቤቱ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ የእህል ዋጋ፣ የልጅ ቀለብ፣ የማዳበሪያ ክፍያ በዚያች መስታወት ውስጥ ያልፋል። ጥሬ ገንዘብ ይዞ መንገድ መውጣት በሚያስፈራበት ጊዜ ደግሞ ያ ስልክ ከባንክ ቤትም በላይ ነው። ሲዘጋ ገንዘቡ አይጠፋም ይሆናል፤ ሰውየው ግን እስኪያስተካክለው ድረስ ገንዘብ እንደሌለው ሰው ነው። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ለመድረስም መንገዱ መከፈቱን መጠየቅ አለበት።

በዚህ ላይ ኢንተርኔቱ አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆየ። ስለዚህ መቋረጥ ሲነሣ ስለ ዜናና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ተብሏል። ያልተባለው ይኼ ነው፦ የደኅንነት ማስተካከያም የሚመጣው በዚያው ኢንተርኔት ነው። ዳታ የሌለበት ስልክ የበሩ ቁልፍ ተሰብሮ ሠሪ የማይደርስበት ቤት ነው። ዳታው በተመለሰ ማግስት ደግሞ ለወራት የተጠራቀመው ማሻሻያ አንድ ላይ ይወርድና የተገዛውን ፓኬጅ ጠራርጎ ይበላል። ሰውየው «ዳታዬን በላው» ብሎ የሚዘጋው የመጀመሪያ ነገር ያው ማሻሻያ ነው። ማን ይፈርድበታል? ማንም አልነገረውማ!

*እስከዚያው ምን ይደረግ*

ዝርዝር ቀድቶ መዝጋት አይሠራም። ሥርዓት ግን ይሠራል።

1. «አሰናክል» የሚለው ቁልፍ ከደበዘዘ ይተው። ኬብልና ኮምፒዩተር አይግባበት።

2. ስልኩ፣ አጭር መልእክቱ፣ ሲሙ፣ ኪቦርዱ፣ መነሻ ገጹ፣ ዌብቪው፣ ክሮም፣ ፕሌይ ሰርቪስስና ሲስተም ማሻሻያ አይነኩ።

3. የአምራቹ ጌም፣ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ ተጨማሪ የመተግበሪያ መደብር፣ ፕሪንተር ለሌለው ሰው ፕሪንት ስፑለር፣ ጌጠኛ የስክሪን ምስል፦ እነዚህን መዝጋት ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። «አራግፍ» የሚል ካለ ማራገፍ፤ ከሌለ ማሰናከል። የተሰናከለ ነገር በዚያው ቦታ ተመልሶ ይነቃል።

4. በአንድ ቀን አንድ ብቻ። ሁለት ቀን ቆይቶ ባንኩም፣ ጥሪውም፣ መልእክቱም እንደሚሠራ ታይቶ ወደ ቀጣዩ። በአንድ ጊዜ ሃያ የዘጋ ሰው የትኛው እንደጎዳው አያውቅም።

5. ከስሙ በፊት ሥራው ይታይ። ቅንብሮች ውስጥ ዳታ የበላውንና ባትሪ የጨረሰውን በተራ የሚያሳይ ገጽ አለ። ብዙ ጊዜ በላተኛው የሚያስፈራ ስም ያለው ሲስተም ሳይሆን ሰውየው ራሱ የጫነው ነው።

6. ተዘግቶ በራሱ የሚነቃ፣ ተራግፎ ተመልሶ የሚመጣ፣ ስልኩ ፎርማት ተደርጎ እንኳ የማይለቅ ነገር ካለ ነገሩ ከቁልፍ በላይ ነው። በዚያ ስልክ ባንክ አይከፈት፤ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ሲምም ይውጣ።

*ዕዳው የማን ነው*

ይኼ ሥርዓት የሚያስፈልገው ግን ሌላው ሥራውን ስላልሠራ ነው። ዱቄት ገዝቶ ነቀዙን ለይቶ መጣል የገዢ ሥራ ሆኖ አያውቅም።

«ርካሽ ስልክ ርካሽ የሆነው ተጭኖ በሚመጣው ነው፤ ፕሮግራም ሠሪዎቹ ለአምራቹ ይከፍላሉ» የሚል መከራከሪያ አለ። ይሁን። ታዲያ ካርቶኑ ላይ ይጻፋ! ገዢው ቀሪውን ዋጋ በዳታ፣ በባትሪና በቦታ እየከፈለ መሆኑን አውቆ ይግዛ። ያልተነገረ ዋጋ ቅናሽ አይባልም።

«ሁለት መቶ የሚሆን ስም ማን ያነባል?» የሚልም አለ። ገበሬው አያነብ ይሆናል። የጥገና ቤቱ ልጅ ግን ያነባል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ የቴክኖሎጂ አማካሪ እርሱ ነው፤ ሌላ የለም። ዛሬ ያ ልጅ የሚሠራው በግምትና ከዩቲዩብ በለቀመው ነው። በእጁ የታመነ ዝርዝር ቢኖረው አንድ ልጅ የብዙ ቀበሌ ስልክ ያድናል።

ይኼ የማይቻል ነገር አይደለም። ደቡብ ኮሪያ በ2014 እ.ኤ.አ. ለስልኩ ሥራ አስፈላጊ ያልሆኑ ተጭነው የሚመጡ መተግበሪያዎች እንዲራገፉ የሚጠይቅ መመሪያ አወጣች። የአውሮፓ ኅብረት ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው የዲጂታል ገበያ ሕግ፣ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ለሲስተሙ የግድ ከሚያስፈልጉት በቀር ሌላውን ተጠቃሚው በቀላሉ እንዲያራግፍ መፍቀድ አለባቸው። «የግድ የሚያስፈልገው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ለኩባንያው የቀረበ ነው። እዚህ ለበርበሬ ነጋዴ ቀርቧል።

ኢትዮጵያም ባዶ እጇን አይደለችም። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ነው፤ ወደ አገር የሚገቡ የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት ማረጋገጫ የሚሰጠው እርሱ ነው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ተቆጣጣሪ ያደረገው ይኼንኑ ባለሥልጣን ነው። በአንድ እጁ የመሣሪያ ፈቃድ፣ በሌላ እጁ የዜጋ መረጃ ጥበቃ ይዟል። ሁለቱን እጆች ማጨብጨብ ብቻ ነው የቀረው።

አቅም የለም እንዳይባል፣ አገሪቱ በ2010 ዓ.ም መጀመሪያ እያንዳንዱን ስልክ በመለያ ቁጥሩ መዝግባ ያልተመዘገበውን ከኔትወርክ ለማውጣት ሥርዓት ዘርግታ ነበር። በኋላ ቀረ። ኮንትሮባንድ ነው አይደለም ብሎ ለመጠየቅ አቅም ከተገኘ፣ ውስጡ ምን አለ ብሎ ለመጠየቅ የሚታጣበት ምክንያት የለም።

ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ማንኛውም አምራችና አስመጪ ለእያንዳንዱ የስልክ ሞዴል ተጭኖ የሚመጣውን ሁሉ ለባለሥልጣኑ ያስመዝግብ፤ ዝርዝሩም በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ለሕዝብ ይውጣ። እያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ሥራው ምንድን ነው፣ ምን መረጃ ይነካል፣ ቢዘጋ ምን ይቀራል። ሁለተኛ፣ ለስልኩ ሥራ የግድ ያልሆነ ነገር ሁሉ «አራግፍ» የሚል ቁልፍ ይኑረው። ሦስተኛ፣ በቴክኖ ደብልዩ 2 ላይ እንደሆነው ያለ ነገር ሲገኝ ዜናውን ከውጭ መገናኛ ብዙኃን መስማት ይብቃ፤ ባለሥልጣኑ ራሱ በአጭር መልእክት ለባለ ስልኮቹ ያሳውቅ። አጭር መልእክት ኢንተርኔት አይፈልግም።

እነዚህ እስኪሆኑ ድረስ «ሕዝቡ የዲጂታል ዕውቀት ይጎድለዋል» የሚለው የስብሰባ አዳራሽ ንግግር ይቅር። ዕውቀት የጎደለው ሕዝቡ ብቻ አይደለም፤ በስልኩ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም ያለው አምራቹ ነው። የሚያውቀውን እንዲያሳውቅ ያልተጠየቀውም እርሱ ነው።

ነጋዴው አሁንም ጥገና ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ልጁ አውራ ጣቱን ከቁልፉ በላይ ይዟል። ዛሬ ሊሰጠው የሚችለው ሐቀኛ መልስ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ይኼን ጌም ልዝጋልዎት፤ ይኼኛውን ግን እኔም አላውቀውም፣ እንተወው።» ይኼን የሚል ልጅ ጥሩ ባለሙያ ነው። እርሱን «አላውቅም» ብሎ እንዲቆም ያደረገው ወገን ግን መልሱን ከነሰነዱ ይዞ ዝም ብሏል።

ይኼን ጽሑፍ ስልክ ለሚጠግን ለምታውቁት ልጅ ላኩለት።